ዜብራ ላይ አንዱ መኪና ሲቆም ሌላው ደርቦ ያልፋል፣ ልጅ እንዴት ይሻገር?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ምትነዱም በእግር ምትሄዱም እስቲ ምከሩኝ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሶስተኛ ክፍል ገብቷል፣ እኛ ጋር ነው ሚኖረው፣ ትምህርት ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ ነው፣ መሀሉ ላይ ግን ያ ሰፊው አስፋልት አለ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሶስት መኪና ጎን ለጎን ሚሄድበት። ዜብራ አለው ግን ቀለሙ ተበልቶ አልቋል፣ ቀርበህ ካላየኸው ዜብራ መሆኑም አይታወቅም። ጠዋት እኔ ነኝ ማሻግረው፣ ከሰአት ስራ ላይ ስለሆንኩ ሰራተኛዋ ትቀበለዋለች፣ አንዳንዴ ግን ቀድሟት ከጓደኞቹ ጋር ይመጣል።

አሁን ሚያስፈራኝ ምን መሰላችሁ፣ ዳር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከዳር ያለው መኪና ይቆምልናል፣ እጁንም አውጥቶ ሂዱ ሂዱ ይለናል፣ እግዜር ይስጠው ብለን ስንወጣ ግን ከሱ ጎን ሚመጣው ሌላው መኪና ፍጥነቱን እንኳን ሳይቀንስ ዥው ብሎ ያልፋል። እሱ አላየንም እኛም አላየነውም፣ የቆመው መኪና ከልሎናል። ባለፈው ሳምንት ልጁን በቦርሳው ጎትቼ ነው ያስቀረሁት፣ ሹፌሩ ደግሞ ክላክሱን አስጩኾ እኛኑ ተቆጥቶ ሄደ። ዜብራ ላይ ቅድሚያ የማን ነው? ልጁስ እንዲህ አይነት መንገድ እንዴት እንዲሻገር ላስተምረው? ድልድይ ተሻገሩ እንዳትሉኝ፣ በአካባቢው የለም።

የዶልፊን ሹፌር፦
ልጄ፣ እኔ እድሜዬን ሙሉ ሚኒባስ ነው የነዳሁት እና ጥያቄሽ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ቅድሚያ የእግረኛ ነው፣ ክርክር የለውም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ላይም አለ፣ መንጃ ፈቃድ ስናወጣም ሁላችንም ተፈትነንበታል። ዜብራ ላይ እግረኛ ካለ ትቆማለህ፣ ዜብራ ጋ የቆመ መኪና ካየህ ደግሞ ደርበህ አታልፍም። ይሄ ሁለተኛው ነው የተረሳው። ብዙ ሹፌር ፊት ለፊቱ መኪና ቆሞ ሲያይ ሰው እያሻገረ ነው ብሎ አያስብም፣ ተበላሽቶ ወይ ሰው እያወረደ ነው ብሎ መሪውን ወደ ግራ ይሰብርና ያልፋል። እውነቱን ልናገር፣ ይሄን ልማድ ያመጣነው እኛው ታክሲዎች ነን፣ ዜብራ ላይ ቆመን ሰው ስለምንጭን መኪና ዜብራ ላይ ቆሞ ማየት ለሌላው ሹፌር ምንም ማለት አይደለም።

ፍጥነቱን ደግሞ በሜትር አስቢው። በሰአት 60 ሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ በለው፣ ከዛ በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማና በጥሩ ፍሬን ለመቆም ገና 20 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። በጠቅላላው 37 ሜትር ማለት ነው። በ30 ቢሄድ ኖሮ 13 ሜትር ላይ ቆሞ ነበር። ክረምት ላይ፣ ጎማው ተልጦ፣ ሰው ከአቅም በላይ ተጭኖ ሲሆን ሂሳቡ ሌላ ነው። እና ልጅሽ ከቆመው መኪና ፊት ብቅ ሲል ያ ሁለተኛው መኪና ያለው ስምንት ወይ አስር ሜትር ላይ ነው፣ ሹፌሩ ቅዱስ ቢሆንም አይቆምለትም።

ስለዚህ ሲያሻግሩት እንዲህ ይሁን፦ የቆመላችሁን መኪና አመስግናችሁ ወጥታችሁ፣ መኪናው ጫፍ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ሙሉ በሙሉ ቁሙ። አንገታችሁን ብቻ አውጡና ቀጣዩን ረድፍ እዩ፣ እዛ ያለው ሹፌር ሲቆም ካያችሁ በኋላ ነው ሁለተኛውን ረድፍ ምትገቡት፣ ሶስተኛውም እንደዛው። አንድ መኪና ስለቆመ ሶስቱም ቆመዋል ማለት አይደለም።

ለሹፌር ወንድሞቼ ደግሞ፣ እባካችሁ እጅ እያወዛወዛችሁ ሂድ ሂድ አትበሉ። ለደግነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከጎናችሁ ምን እንደሚመጣ ሳታዩ ልጅን እየላካችሁት ነው። ይልቅ ዜብራው አፍ ላይ ከመቆም ከአንድ መኪና ርዝመት በላይ ርቃችሁ ቁሙ፣ ያኔ ከጎናችሁ ሚመጣው ሰውየውን ያየዋል። አራቱንም ፍሬቻ አብሩት። በስፖኪዮ ከኋላ እየበረረ ሚመጣ ካያችሁ ክላክስ ንኩ፣ ክላክስ የተሰራው ለዚህ ነው፣ እግረኛን ለማባረር አይደለም።

አቤል ሜትር ታክሲ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው ግን ሁሌ ሹፌር ብቻ ነው እንዴ ሚወቀሰው? እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰው ዜብራውን ትቶ ሀያ ሜትር ሳይርቅ ከመሀል ይገባብሃል፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን፣ አይኑ ስልኩ ላይ። ቀለበት መንገድ ላይ ድልድይ ከጭንቅላቱ በላይ እያለለት የአካፋዩን አጥር ዘሎ ሚወርድ ሰው አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጥቁር ለብሶ፣ እዛ መንገድ ላይ በ80 እየመጣህ ድንገት ከኮንክሪት ጀርባ ሰው ሲዘልብህ ምን ታረጋለህ? ገጭተህ ደግሞ እስር ቤት ምትገባው አንተ ነህ፣ ቤተሰብህ ነው ሚበተነው። ደንቡ እኮ እግረኛንም ይመለከታል፣ መሻገሪያ ባለበት በመሻገሪያ ተሻገር፣ መኪናው ሊቆም በማይችልበት ርቀት ላይ ድንገት አትግባ ይላል። በኔ በኩል እግረኛም በደንብ ቢቀጣ ነው ሰው ሚማረው።

ፒያሳ በእግር፦
አቤል ወንድሜ የምትለውን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፣ አጥር መዝለል ራስን መግደል ነው፣ ግን ለምን ዘለለ ብለን እንጠይቅ። ቀለበት መንገዱ ሲሰራ ሰፈር ለሁለት ነው የተከፈለው፣ ዳቦ ቤቱ ከዚህ ወገን ቀረ፣ ጤና ጣቢያው ከዛ ወገን፣ ድልድዩ ደግሞ በጣም ተራርቆ ነው የተሰራው። ጉልበቷን ሚያማት እናት፣ ባልዲ የተሸከመች ሴት፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ያን ደረጃ ወጥቶ ይወርዳል? በ2008 ቀላል ባቡሩ ስራ ሲጀምርም ያው ነው፣ ከአያት ጦር ሃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሀዲዱ በመሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ድሮ በሁለት ደቂቃ ሚሻገሩት ማዶ አሁን ዞሮ መምጣት ሆነ።

እና አስቡት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፣ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ብዙሀኑ እግረኛ በሆነበት ከተማ መንገዱ ለጥቂቱ ነው የተሰራው። የእግረኛ መንገድ አለ በተባለበት እንኳን ሂድና እይ፣ ግማሹ ላይ መኪና ቆሟል፣ ግማሹ ላይ አሸዋና ብሎኬት ተራግፏል፣ የማንሆል ክዳኑ የለም፣ ሰው አስፋልት ወርዶ ከሲኖትራክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል። ወርዶ የሄደውን ሰው ከመቅጣት በፊት መንገዱን የዘጋውን ሰው ብንቀጣ ይሻላል። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ወደ ቦሌም የተሰራውን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሲያገኝ ሰው አስፋልት ላይ አይወርድም፣ ማንም ሳይቆጣው። ጥያቄው ያ ነገር ጀሞና አስኮ፣ የካ አባዶ ውስጥ ለውስጥ መቼ ይደርሳል ነው። መኪናው ሚፈጥነው እኮ እነዚህ የዳር ሰፈሮች ላይ ነው፣ ፒያሳማ ድሮም መጨናነቁ ራሱ ፍጥነት ይቀንስ ነበር።

ከዱባይ፦
እኔ ዱባይ ነው ምኖረው ሹፌር ሆኜ እሰራለሁ። የቅጣቱን ነገር ስላነሳችሁ ልጨምር። እዚህ እግረኛ ካልተፈቀደ ቦታ ከተሻገረ 400 ድርሃም ይቀጣል፣ ይቀጣል ስል በእውነት ይቀጣል፣ ስንት ሀበሻ አዲስ መጥቶ የመጀመሪያ ደሞዙን ሳይጨብጥ የተቀጣ አውቃለሁ። ግን ሹፌሩም ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ ካልሰጠ 500 ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ነው፣ ነጥቡ 24 ሲሞላ መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል፣ ለኛ ለሹፌሮች ደግሞ መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ሳይሆን ነጥቡን ነው ምንፈራው። ሁለቱም ወገን ስለሚቀጣ ማንም ማንን አይሳደብም። አቤል እንዳለው እግረኛውን ብቻ ብትቀጣ ግን ሹፌሩ መንገዱ የኔ ነው ብሎ ነው ሚደመድመው። አንድ ሌላ ነገር፣ እዚህ ሀገርም ቢሆን ሰፋፊ መንገድ ላይ ሰው ይሞታል፣ ቅጣት ብቻውን አልጨረሰውም፣ ፍጥነት ባለበት ሁሉ ያው ነው።

ቲቸር፦
የጀሞዋ እህቴ፣ እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፣ የልጁን ነገር ለኔ ተይልኝ ብዙ ልልሽ ነው። ትንሽ ልጅ መኪና ምን ያህል ርቆ እንዳለ እንጂ በምን ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ መገመት ይከብደዋል፣ ይሄ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፣ አእምሮው ገና ስላልደረሰበት ነው። ቁመቱም አጭር ነው፣ የቆመ መኪና ይከልለዋል፣ አንቺ አሻግረሽ ምታይውን እሱ አያይም፣ ሹፌሩም እሱን አያየውም። ስለዚህ ተጠንቀቅ ማለት ለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ሚሰራውን ነገር በእግሩ እየሄደ ነው መልመድ ያለበት። ቤት ውስጥ በቃል ሺህ ጊዜ ብትነግሪው አስፋልት ላይ ኳስ ሲያይ ወይ ጓደኛው ሲጠራው ሁሉንም ይረሳዋል።

እኛ ልጅ ሆነን መጀመሪያ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ እንደገና ግራ እዩ ተብለን ነው ያደግነው፣ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ መጀመሪያ ሚደርስብሽ ከግራሽ ሚመጣው ነው። ግን አካፋይ ላለው ሰፊ መንገድ አይበቃም። እሱን ሁለት መንገድ ነው ብለሽ አስተምሪው። የመጀመሪያውን መንገድ እስከ አካፋዩ ስትሻገር ግራ ብቻ ነው ምታየው፣ አካፋዩ ላይ ቁም፣ እረፍ፣ አሁን አዲስ መንገድ ነው፣ አሁን ቀኝ ነው ምታየው። ብዙ ልጅ ሚሳሳተው አካፋዩ ላይ ሳይቆም በሩጫ ሲቀጥል ነው። ሩጫ በጭራሽ። ሮጦ ከወደቀ ማንም አያድነውም፣ ሚሮጥ ልጅ ዞር ብሎም አያይም። ጋሼ ያሉትን የመኪናው ጫፍ ጋ መቆምም ጨምሪበት፣ እና አንቺ እጁን ይዘሽ ሳይሆን እሱ እጅሽን ይዞ እንዲያሻግርሽ አድርጊው፣ አሁን እንሂድ ወይስ እንቁም ብለሽ ጠይቂው፣ ሲሳሳት እዛው ታያለሽ። ይህን ወር ሙሉ ስሩት። እስከዛ ግን ከሰአት ብቻውን ባይመጣ ደስ ይለኛል፣ ሶስተኛ ክፍል ለዛ መንገድ ገና ነው።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሲሄድ ደግሞ ግራውን ይያዝ፣ ከፊቱ ሚመጣውን መኪና እንዲያይ። ከኋላው ሚመጣ መኪና አይታየውም። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ትራፊክ አለው ወይ? አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ምልክት ይዘው ሚያስቆሙት ልጆች፣ መግቢያና መውጫ ሰአት ላይ ትልቅ ሰው አብሯቸው ካለ በጣም ይረዳል። ብቻቸውን ከሆነ ግን እኔ አልደግፈውም፣ መኪና ለማስቆም ልጅ አስፋልት ላይ ማቆም ትክክል አይደለም።

ናቲ፦
ማንም ያላነሳው ነገር፣ የኤሌክትሪክ መኪና። ነዳጅ ሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ እኔም እሱን ነው ምነዳው። ድምጽ የለውም። አንዳንዱ ቀስ ሲል ትንሽ ድምጽ ያወጣል ግን በአዲስ አበባ ጫጫታ ማን ይሰማዋል። የኛ ሰው ደግሞ ግማሹን በጆሮው ነው ሚሻገረው፣ ሞተር ካልሰማ መኪና የለም ብሎ ይገባል፣ በተለይ ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ልጆች ሲጫወቱ ከኋላቸው ደርሼ እንኳን አይሰሙኝም፣ አይነ ስውር ሰዎችማ ምን እንደሚያረጉ አስቡት። ከቆመበት ሲነሳም ጉልበቱ ሌላ ነው፣ መብራት ሲለቀቅ ካልተጠነቀቅክ ሳታስበው ዜብራው ላይ ነህ። ለልጁ ጆሮህን አትመን በአይንህ እይ በይው። እንደኔ ለምትነዱ ደግሞ፣ ሰፈር ውስጥ በ20 ሂዱ።

ማታን በተመለከተ አቤል ልክ ነው፣ ጥቁር ልብስ አይታይም፣ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት ሚመጣው ረጅም መብራት ሲያበራብህ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አታይም። ለልጁ ቦርሳ ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ አሰፉለት፣ ርካሽ ነው።

የህግ ነገር፦
ዛሬ ባይፈለግም ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው። እግዚአብሔር አያድርገውና ሰው ቢገጭ፣ የሶስተኛ ወገን መድን አዋጁ ለተጎጂው አስቸኳይ ህክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል፣ መጀመሪያ ብር አምጡ ተብላችሁ እንዳትመለሱ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅም፣ ወይ መድን ባይኖረውም፣ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፣ ብዙ ቤተሰብ ይሄን ሳያውቅ ተሸክሞት ይቀራል። ስለዚህ ከቻላችሁ ታርጋውን ያዙ፣ ካልቻላችሁም ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገቡን እንዳትተዉት። በሽማግሌ ተስማምተናል ብሎ ሳያስመዘግቡ መበተን በኋላ ህመሙ ሲጠና መረጃ አልባ ያደርጋል።

ለሹፌሮችም፣ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ነው ሚመለከተው፣ ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ወይም ጠጥቶ የገደለ ከ5 እስከ 15 አመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ዜብራ ላይ የቆመን መኪና ደርቦ ማለፍ ደንብ መጣስ ነው። አቤል እንዳልከው ቤተሰብ ይበተናል፣ ለዛ ነው እዛች ቦታ ላይ እግርን ከነዳጅ ማንሳት ሚያስፈልገው።

አቤል ሜትር ታክሲ፦
ፒያሳ፣ የመንገዱን ነገር ተቀብዬሃለሁ፣ እኔም እናቴ ያን ድልድይ መውጣት አትችልም። ግን አጥር መዝለሉን ድልድይ እስኪሰራ ብለን ዝም ልንለው አይገባም ባይ ነኝ፣ አሁንም ሰው እየሞተ ነው። መብራት ላይ ያለውንም ጨምሩ፣ ለእግረኛ አረንጓዴ በርቶ ለሚታጠፈው መኪናም አብሮ አረንጓዴ ሚበራበት መስቀለኛ አለ፣ እግረኛው በርቶልኛል ብሎ ይሄዳል፣ ታጣፊውም በርቶልኛል ብሎ ይገባል። እዛ ላይ ታጣፊው ነው መጠበቅ ያለበት።

የጀሞዋ፦
ጋሼ፣ ቲቸር፣ ሁላችሁም ክበሩልኝ። አካፋዩ ላይ ቆሞ እንደ አዲስ መጀመር ሚለውን ከዛሬ ጠዋት ጀምረነዋል፣ እሱ ራሱ አሁን ቀኝ ነው እያለ ይነግረኛል። ከሰአት ሰራተኛዋ በሩ ጋ ቀድማ እንድትቆም ተነጋግረናል፣ ሳትደርስ እንዳያስወጡትም ለጥበቃው ነግሬያለሁ። አሁን ደግሞ ለወላጆች ስብሰባ ላቀርበው ነው፣ ዜብራው እንዲቀባና ፍጥነት መቀነሻ እንዲሰራ። ለማን ነው ሚጻፈው? የላከ ሰው አለ?

ቲቸር፦
እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፣ ደብዳቤው በአንድ ወላጅ ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ማህተም ነው የወጣው፣ አንዱን ለወረዳው አንዱን ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት፣ ግልባጭ ለአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ። እባካችሁ አስቡልን ብላችሁ አትጻፉ። የቱ መንገድ፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ረድፍ፣ ስንት ተማሪ በየትኛው ሰአት እንደሚሻገር ጻፉ፣ መውጫ ሰአት ላይ ከፎቅ የተነሳ ፎቶ አያይዙበት። ጉብታ ብቻ አትጠይቁ፣ ለሶስት ረድፍ ዜብራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መስራት ይሻላል፣ መኪናው ሳይወድ ይቀንሳል፣ ልጁም ከፍ ብሎ ይታያል። አካፋዩ ላይ ልጆች ቆመው ሚጠብቁበት ቦታ እንዲሰፋም ጨምሩ። መልስ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ በአካል ሂዱና የገባበትን ቁጥር ተቀበሉ፣ ቁጥር ከሌለው ደብዳቤው የለም ነው ሚሏችሁ።

የዶልፊን ሹፌር፦
ልጄ፣ ደብዳቤው ላይ ታክሲ ዜብራው ላይ ቆሞ እንዳይጭንም ጻፉበት፣ መጫኛው ከዜብራው አልፎ ወደፊት እንዲሆን። ከዜብራው በፊት ከሆነ የቆመው ታክሲ ልጆቹን ይከልላል። የሰፈሩን የታክሲ ተራ አስከባሪዎችም አነጋግሯቸው፣ እነሱ ልጅ አላቸው፣ ነገ ጠዋት ሊያስተካክሉት ሚችሉት ነገር ነው፣ ማህተም አይፈልግም።